ጃምቢያኒ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ምን ይሠራል?

«ጠዋት ተነሥተን ብናይ ባሕሩ የለም» ላላችሁት፦ ሆቴሉ አላታለላችሁም። ጃምቢያኒ ያለበት የዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ እንደዚያ ነው። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። የቆይታችሁን ቀናት በዚያ አስተካክሉ።

1. የውሃውን ሰዓት ማታ ማታ ሆቴሉን ጠይቁ። መዋኘት ሲሞላ ብቻ ነው።

2. ሲሸሽ በእግር ግቡ። የመንደሩ ሴቶች የባሕር ሣር የሚያለሙት ያኔ ነው፤ ችካል ተክለው ገመድ ይወጥሩና ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ያስሩበታል። ጎንበስ ብለው ሲውሉ ጤፍ የሚያርሙ ነው የሚመስሉት። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

3. ግማሽ ቀን ለጆዛኒ ጫካ ስጡ። እዚያ ያለው የቀይ ጉሬዛ ዝርያ የዛንዚባር ብቻ ነው። የእኛን ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ለለመደ ዓይን ጉድ ነው!

መንደሩ ውስጥ ስትዞሩ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው።

አንድ ነገር ግን፦ በባዶ እግር እንዳትገቡ። እኔ «አሸዋ ነው» ብዬ ገብቼ የባሕር ጃርት ረገጥኩ። ጥቁር እሾሁ ተሰባብሮ ተረከዜ ውስጥ ቀረ፤ ሁለት ቀን እያነከስኩ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሶሉ ወፈር ያለ የውሃ ጫማ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ውሃው መመለስ ሲጀምር ቶሎ ውጡ፤ ዝቅ ያለውን ቦታ ከኋላችሁ ቀድሞ ይሞላዋል።