ትሮትል ስር የሚገባው ስፔሰር ባሕር ዳር ላይ ጉልበት ይጨምራል?

ሰላም ለቤቱ። የተጠየቀው ይሄ ነው፦ «1.6 ኮሮላ አለኝ፣ የምነዳው ባሕር ዳር ነው፣ ዳገት ላይ ይከብደዋል። ትሮትሉና ማኒፎልዱ መሃል የሚገባ፣ ውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው 25 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ስፔሰር ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል ብለውኛል። ልግዛ?»

አትግዛ። ለምን እንደሆነ ካልገባህ ግን ነገ ሌላ ዕቃ ይሸጡልሃልና ልዘርዝረው። ትሮትል ቤንዚን ስትሰጥ የሚከፈተው የአየር በር ነው፤ ማኒፎልድ ከእሱ ቀጥሎ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ነው፤ ስፔሰር በሁለቱ መሃል የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው።

ሻጮቹ የሚሉት ጥርሱ አየሩን እያሽከረከረ ከቤንዚኑ ጋር በደንብ ያዋህደዋል ነው። የአንተ ሞተር ኢንጀክሽን ነው፤ ቤንዚኑ የሚረጨው በየሲሊንደሩ መግቢያ፣ ቫልቩ አጠገብ ነው። ስፔሰሩ ያለበት ቦታ ላይ የሚያልፈው ደረቅ አየር ብቻ ነው፣ የሚዋሃድ ቤንዚን የለም። አየሩ ቢሽከረከር እንኳ ወዲያው ሰፊው የማኒፎልድ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ይታጠፋል፣ ለአራት ቱቦ ይከፋፈላል። ቫልቩ ጋ ሲደርስ ሽክርክሪቱ ጠፍቷል። «ማኒፎልዱን ያሰፋል» የሚባለውም ሲሰላ፣ ቀዳዳው 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚጨምረው 50 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና። የቱቦዎቹ ርዝመት ጉልበቱ በየትኛው ዙር ላይ እንደሚመጣ መወሰኑ እውነት ነው። ስፔሰሩ ግን ከሆዱ በፊት ስለሚገባ ቱቦዎቹን በአንድ ሚሊ ሜትርም አያስረዝምም።

ዳገት ላይ የሚከብድህ በአብዛኛው ከፍታው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር፣ በሰከንድ ቢበዛ 80 ሊትር አየር ይስባል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ይህ አየር ባሕር ጠለል ላይ 96 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ባሕር ዳር ላይ 78 ግራም ያህል። አንድ አምስተኛው ጉልበት የሚቀርብህ እዚህ ላይ ነው። የቱንም ያህል አሉሚኒየም ቢደረደር አየሩን አያከብደውም፤ ይህን የሚመልስ እንደ ቱርቦ አየሩን ጨምቆ የሚያስገባ ዕቃ ብቻ ነው።

«አስገጥሜ ልዩነቱን አይቻለሁ» የሚሉ አሉ፣ ሁሉም አይዋሹም። ስፔሰሩን ለመግጠም ትሮትሉ ይፈታል፣ ሲፈታ ጥላሸቱ ይታጠባል፣ ባትሪ ይነቀላል፣ አንዳንዴም ዴፑራተር (የአየር ማጣሪያው) ይቀየራል። መኪናው የቀለለው በእጥበቱ ነው። በዚያ ላይ ጥርሱ ቤንዚን ሲሰጡት ያፏጫል፣ ፉጨቱም ፍጥነት ይመስላል።

ጉዳቱ ግን ሊለካ ይችላል። ስፔሰር ሲገባ በአንድ ጋስኬት (መጋጠሚያውን የሚያሽገው) ፋንታ ሁለት ይሆናል፣ የውጭ አየር የሚገባበት መጋጠሚያም እንዲሁ። ኤርፍሎ ሜትር (የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር) ባለው ሞተር ይህ አየር ሳይቆጠር ስለሚገባ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይሰጡት የሚዞርበት ዙር) ይዋዥቃል፣ ቼክ ኢንጂን በርቶ ፒ0171 የሚባለውን ኮድ ይሰጣል። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ካለህ ሎንግ ተርም ፊውል ትሪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚን ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ እይ፦ በሚኒሞ ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ ከወረደ አየር እየሳበ ነው። ማኒፎልዱ ላይ የግፊት ሴንሰር ባለው ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮድ ሳይሰጥ ሚኒሞው ብቻ ከፍ ይላል። ሌላው ችግር ብሎን ነው። የድሮው ብሎን 25 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ ከተጠበቀ የማኒፎልዱን አሉሚኒየም ጥርስ ይበላዋል። 8 ቁጥር ብሎን ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት።

ካርቡራተር (በድሮ ሞተር ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው) ላይ ነገሩ ይለያል። የድሮ ዲኤክስ ኮሮላም ሆነ ባጃጅ ካርቡራተሩ ስር ጥቁር ባካላይት (ሙቀት የማያስተላልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ) አለው። ሥራው ሙቀት መከልከል ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ሲቆም ቤንዚኑ ካርቡራተር ውስጥ እንዳይፈላ። ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣመመ በዚያው ዓይነት ይቀየር። መጣመሙን ለማወቅ መስታወት ላይ አስተኝተህ ጠርዙን መጫን ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ጠማማ ነው። በአሉሚኒየም የሚተኩ መካኒኮች አሉ፤ አሉሚኒየም ሙቀቱን ራሱ አምጥቶ ያስረክበዋል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ከፍታ ላይ በግምት 10 በመቶ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ማሳነስ ከማንኛውም ስፔሰር ይበልጣል። ከዚያ በላይ ግን አታሳንስ፤ ዓባይ በረሃ ስትወርድ አየሩ ስለሚከብድ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ይግላል።

ለአንተ ኮሮላ ብሩን የምታውለው እንዲህ ነው። ዴፑራተሩን ወደ ብርሃን አድርገህ እይ፣ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይር፤ አቧራ መንገድ ከበዛብህ የአምራቹን ኪሎ ሜትር አትጠብቅ። ትሮትሉ ይታጠብ። የኤርፍሎ ሜትሩ ሽቦ ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ይጸዳ፣ በጥጥ አይነካ። አራተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚን ስትሰጥ ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ከቀረ ፍሪሲዮን ነው፣ ሞተሩን ተወው። ከነዳህ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ የሚግል ከሆነ ፍሬን ይዟል።

ልኬት ካልሆነ አላምንም ካልክ፣ ከወረታ ወዲያ ያለው የፎገራ ሜዳ ይበቃል። የጣና ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ የጎማ ንፋስና ጭነት እኩል አድርገህ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 እስከ 80 ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ሌላ ሰው ይቅረጽ። በሁለቱም አቅጣጫ ሦስት ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ትሮትሉን አሳጥበህ ለካ፣ ከዚያ ስፔሰሩን ገጥመህ ለካ፤ አለዚያ የእጥበቱን ውጤት ለስፔሰሩ ትሰጣለህ።

ገዝተህ ከሆነና ሻጩ አልመልስም ካለ፣ አትግጠመው። ከተገጠመ ደግሞ ስታስፈታው የማኒፎልዱ ፊት በብረት እንዳይቧጨር ተቆጣጠር፣ አዲስ ጋስኬት ይግባ፣ ረጅሙን ብሎን ትቶ የድሮውን ይመልስ። ረጅሙ ያለ ስፔሰር ከተጠበቀ ጉድጓዱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ይነክሳል፣ ትሮትሉ ግን ሳይጠብቅ ይቀራል።