ከጣና ዳር፦ ስለ ጥብቅ ቦታዎቻችን የጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ፣ ጣና ላይ እንግዳ በጀልባ እያስጎበኘሁ የምኖር ሰው ነኝ። ስለ አካባቢያችን ጥብቅ ቦታዎች ጠይቁኝ ብያችሁ ብዙ ጥያቄ መጣልኝ። የማውቀውን እነሆ። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጣና ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው ይባላል። እርሻው፣ ከተማው፣ ዓሣ አስጋሪው ሁሉ ውስጡ ነው። ታዲያ ምኑ ነው ጥብቅ?

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሁሉም ውስጡ ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሲሆን ስፋቱ ወደ 700,000 ሄክታር ይጠጋል። ባዮስፌር ሰውን አስወጥቶ የሚታጠር ቦታ አይደለም። እምብርቱ አይነካም። በእምብርቱ ዙሪያ ያለው መከለያ ደግሞ በጥንቃቄ ይሠራበታል። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው የሚያርስበትና የሚነግድበት ነው። እምብርቱ ከጠቅላላው ትንሽ ስለሆነ፣ የጣና ዕጣ የሚወሰነው እኛ በምንኖርበት ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ደን እንዴት ተረፈ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ አልተለመደም። ክልከላውን የደነገጉት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። በትራቸው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ብለው አባቶች ይተርካሉ። እስቲ አስቡት፣ ሦስቱም ያለ ሞፈር የሚለሙ ናቸው። ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ትልልቆቹ ዛፎች አብረው ተረፉ። ሰው የሚበላው ከደኑ ስለሆነ ደኑን ጠበቀ።

ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ የቡናው ቅጠል ትከሻችሁን ይነካል። ቀና ስትሉ ሰማዩ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚታየው። የሚያሰጋኝ ቡናው ገንዘብ ሳያመጣ ሲቀር ነው። ያኔ ዛፉ ማገዶ ሆኖ ባሕር ዳር ገበያ ይወርዳል። እንጨት ስትገዙ ከየት እንደመጣ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ልጅ ሳለሁ ዳርቻው ደንገል በደንገል ነበር። የት ገባ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እኔም ሲያልቅ አይቻለሁ። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ገበሬው ያርሰዋል። ባሕር ሸሽ የምንለው እርሻ ነው። አፈሩ ለም፣ እርጥበቱ የማይጠፋ ስለሆነ ማን ይተወዋል? ከዚያ ላይ ውሃው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ባለው በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ሲያዝና ሲለቀቅ የዳርቻው ልክ ተለዋወጠ። ከብቱም ይግጠዋል።

ከደንገል ታንኳ የሚሠራን ሰው ሲያጭድ ተመልከቱት። ጎንበስ ብሎ ግንዱን ከሥሩ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፣ ሥሩን አይነካም። ደንገሉ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ማረሻ ግን ሥሩን ገልብጦ ፀሐይ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ በታንኳ ሠሪው አትፍረዱ። ደንገል ከወንዝ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ የዓሣ ጫጩትም የሚደበቀው እዚያ ነው። ለእኔ ጣና ላይ ከሁሉ በፊት መትረፍ ያለበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ያለው የእምቦጭ አረም ለምን አያልቅም?

መልስ፦ አንዱን ንቀሉና እዩት። ከሥሩ ጥቁር ላባ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ጭቃ ይዟል። ቅጠሉን የያዘው ግንድ ስፖንጅ ስለሆነ አይሰምጥም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ምግቡ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ነቅለን ዳር ላይ ከምረን ከሄድን ክረምት ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። አርቆ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ነጭ ዓሣ ለምን ቀነሰ?

መልስ፦ ከቆሮሶና ከአምባዛ የሚለየው፣ አብዛኞቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው የወንዙ አፍ ላይ ነው። እንቁላል የያዘች ዓሣ ከተያዘች የከርሞውም አብሮ ተያዘ ማለት ነው። በእነዚያ ወራት መረብ ከወንዝ አፍ ይራቅ።

ጥያቄ፦ ስሜን ተራሮች ከአደጋ መዝገብ ወጣ ማለት ዋልያ ተረፈ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ፣ በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፣ በ2009 ከዚያ ወጣ። ዋልያ ግን በዓለም ያለው እዚያ ብቻ ነው። አንድ በሽታ ወይም አንድ የአደን ዘመን በቂ ነው። ለመሄድ ካሰብሽ በጎንደር በኩል ደባርቅ ድረሺ፣ ስካውት የሚባለውን የፓርክ ጠባቂ ይዘሽ ግቢ። መንገዱን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ አንበሳ ያለበት ፓርክ አለን?

መልስ፦ አለ። ቋራ ውስጥ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው አልጣሽ ነው። በ2008 ዓ.ም. እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ በሚያነሳ ካሜራ (የካሜራ ወጥመድ) ተረጋግጧል። ቆላ ነው፣ ሙቀቱም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ጉማሬ ላሳይ፣ የት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት፣ በማለዳ። ጀልባው ሞተሩን ቀንሶ ይጠጋ እንጂ አይክበበው። መጀመሪያ የምታዩት ጆሮውን ነው። በእግር ከሆናችሁ ደግሞ ማታ ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ፣ በእሱና በውሃው መሃል እንዳትቆሙ።