አስከሬኑ ላልተገኘ ወታደር ፍትሐት ይደረጋልን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር ተሰውቷል። መርዶው ደረሰን እንጂ አስከሬኑ አልመጣም፤ የሞተበትንም ቀን አናውቅም። እናታችን «ሬሳውን ሳላይ ፍትሐት አላስደርግም» ብላ ልብሱን እስከ ዛሬ በሣጥን ቆልፋ አስቀምጣለች። ሰው ገድሎ ሞቶ ይሆናል የሚለው ሐሳብም ያስጨንቀኛል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር የወንድምዎን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ጸሎተ ፍትሐት ስለ ነፍስ የሚቀርብ ልመና በመሆኑ የአስከሬኑ አለመገኘት አያስቀረውም፤ በጦር ሜዳ፣ በበረሃም ሆነ በባሕር ለቀረ ክርስቲያን ካህኑ በክርስትና ስሙ ይጸልይለታል። ዳዊት የሳኦልንና የዮናታንን ሞት የሰማው ከወደቁበት ከጊልቦዓ ተራራ ርቆ በጺቅላግ ከተማ ሳለ ነው፤ ሬሳቸውን ባያይም ልብሱን ቀድዶ፣ በሰይፍ ስለወደቁት ሁሉ እያለቀሰ እስከ ማታ ጾመ (2ኛ ሳሙ. 1፥11-12)። አፅማቸውን ከኢያቢስ ገለዓድ አምጥቶ በሳኦል አባት መቃብር ያስቀበረው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር (2ኛ ሳሙ. 21፥12-14)። ቀኑ ባይታወቅም መርዶው የደረሰበትን ይዛችሁ ሙት ዓመቱን አስቡ።

ስለ መግደሉ የጠየቁት ቀላል ነገር አይደለም። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ፣ አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍሰ ገዳይነት እንዳልቆጠሩት ገልጾ፣ እንዲህ ያሉት ግን ለ3 ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ መልካም እንደሚሆን መክሯል። ወንድምዎ ገድሎ ከሆነ ያንን የ3 ዓመት ጊዜ በንስሐ ሊፈጽም አልታደለም፤ የእኛ ጸሎትና ምጽዋት የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው። ከወዲያኛው ምሽግ የወደቁት ብዙዎቹም በአንድ ጥምቀት የተወለዱ፣ በዚያው በግእዙ ጸሎት የሚታሰቡ ወንድሞቻችን ናቸውና ለእነርሱም ምሕረትን ለምኑ።

ለተዝካሩ ተበድራችሁ ድንኳን እንድትጥሉ ቤተ ክርስቲያን አታዝዝም፤ ስሙን ለካህናቱ ሰጥታችሁ ፍትሐቱንና ቅዳሴውን ካስደረሳችሁ በኋላ አቅማችሁ የፈቀደውን ለነዳያን አብሉ።

እናትዎን ግን ልብሱን አውጥተው እንዲሰጡ አታስቸኩሏቸው። ፍትሐት ማስደረግ ልጃቸውን መርሳት መስሎ ታይቷቸው ሊሆን ስለሚችል፣ የንስሐ አባታችሁ እቤት ድረስ መጥተው፣ ስለ ልጃቸው የሚሉትን ሁሉ ሳያቋርጡ ከሰሟቸው በኋላ ያስረዷቸው፤ የፍትሐቱንም ቀን ራሳቸው እናትዎ ይቁረጡ።