«9» እና «0.9»፦ የአሮጌ ላንድሮቨር የራዲያተር ክዳን

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ ከአባቴ የወረስኳት ላንድሮቨር ሲሪስ 2ኤ አለችኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ እየፈላች ውሃዋን በትርፍ ቱቦው ትደፋ ነበር፤ መካኒኩም አይቶ የራዲያተሩ ክዳን ጎማ መድረቁን ነገረኝ። በአሮጌው ክዳን ላይ «9» የሚል ቁጥር ይነበባል። የመለዋወጫ ነጋዴው የሸጠልኝ አዲሱ ክዳን ግን «0.9» የሚል ነው፤ ስጠይቀውም «ያው ነው እትዬ፣ ነጥቧ ብቻ ናት ልዩነቷ፤ ደሴ ደግሞ ደጋ ስለሆነ ጠንከር ያለ ይሻላል» አለኝ። እውነትም መፍላቱ ቀረ፤ በሳምንቱ ግን የራዲያተሩ የላይኛው ጋን ከብየዳው ላይ ማላብ ጀመረ። ጥፋቱ የክዳኑ ነው ወይስ የራዲያተሩ እርጅና? (ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ)

መልስ፦ የሁለቱም ነው፤ የሚቀድመው ግን ያቺ ነጥብ ናት። በእንግሊዝ አገር መኪኖች ክዳን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግፊትን በፓውንድ በስኩዌር ኢንች የሚገልጽ ሲሆን፣ በጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ የሚገኘው ደግሞ በኪሎግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ የአባትዎ ክዳን 9 ፓውንድ፣ ማለትም ባር በሚባለው ሌላው የግፊት መለኪያ ወደ 0.6 ገደማ ሲደርስ ተከፍቶ ትርፉን ያስወጣ ነበር፤ አዲሱ ግን 0.9 ኪሎግራም፣ ማለትም 13 ፓውንድ ያህል እስኪሞላ ድረስ አይከፈትም። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ድረስ በተመረተ ሞዴል ላይ ያለ ራዲያተር፣ ብየዳው በቆርቆሮ የተያያዘና ምናልባትም ከአንድ ጊዜ በላይ የተጠገነ ሆኖ ሳለ፣ ከለመደው ከ40 በመቶ በላይ የበለጠ ግፊት ተጭኖበታል ማለት ነው። ላብ ብቻ አውጥቶ መቅረቱ ዕድልዎ ነው፤ ማኒኮቶው (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ሐረጎ ወገብ ላይ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ እስከ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይደርስ ነበር።

ነጋዴው ስለ ደጋነት የተናገረው ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት ስላልሆነ ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላት ደሴ ከ92 ዲግሪ ሳያልፍ ይፈላል፤ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ በምትለው ኮምቦልቻ ደግሞ 94 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው ከ80 ዲግሪ በላይ መሆኑን ሲያስቡ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን የገጠመች መኪና ዳገት ላይ ሞተሯ ገና ደህና ሳለ እንኳ ውሃዋ ሊፈላ እንደሚችል ይገነዘባሉ። ግፊት የውሃን መፍያ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ደህና የሆነ ባለ 9 ፓውንድ ክዳን ግን የመፍያውን ነጥብ እዚያው ደሴ ላይ ወደ 109 ዲግሪ ያደርሰዋል። በ0.9 ክዳን ቁጥሩ ወደ 114 ከፍ ይላል፤ ያተረፉት 5 ዲግሪ ብቻ ነው። የራዲያተሩን ብየዳ የሚገፋው በውስጡና በውጭው አየር መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነውና፣ ደጋ መውጣት ብየዳውን አያጠነክረውም፤ ከፍታው የወሰደውን ዲግሪ በጠንካራ ክዳን ላስመልስ ያለ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በራዲያተሩ ነው። ይልቁንም ንጹሕ ውሃን ከአንቱፍሪዝ ጋር እኩል ቀላቅለው ቢሞሉ መፍያው ወደ 7 ዲግሪ ያህል ከፍ ይልልዎታል፤ ይህም ደሴ የወሰደችብዎትን ማለት ይቻላል መልሶ፣ በብየዳው ላይ ምንም ግፊት አይጨምርም።

እንግዲህ 9 የሚል፣ በባር ከተጻፈም 0.6 የሚል ክዳን ይፈልጉ። ቁጥሩ ስለተስማማ ብቻ ግን አይግዙት። ሰዎች አዘውትረው የሚዘነጉት የአንገቱን ጥልቀት ነው፤ ከራዲያተሩ አፍ ጠርዝ አንሥቶ ጎማው እስከሚያርፍበት ወለል ድረስ ያለው ርቀት በአንዳንድ መኪኖች 19 ሚሊሜትር፣ በተለይ በቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ 25 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። አጭሩ ክዳን በረጅም አንገት ላይ ሲገጠም ጥርሱ ጥርቅም ብሎ ቢይዝም ጎማው ወለሉን ስለማይነካ ምንም ግፊት አይዝም፤ ባለቤቱም ክዳን ቀይሬ መፍላቱ አልቀረም ብሎ ያማርራል። ረጅሙ በአጭር አንገት ላይ ከገባ ሞላው ከመጠን በላይ ስለሚጨመቅ ከተጻፈው በላይ ግፊት ይይዛል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ክዳን በእጅዎ ይዘው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያይተው ይግዙ። አሮጌው ራሱ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ስለሚችል አንገቱንም በማስመሪያ ቢለኩት አይጎዳዎትም።

በጎማው መካከል ያለችውን ትንሽ ክብ ቫልቭ በጥፍርዎ ሳብ አድርገው ይልቀቋት፤ ተመልሳ ካልገጠመች ክዳኑን አይውሰዱት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የምታስገባው እርሷ ናት፤ ከተጣበቀች ጠዋት ላይ የላይኛውን ማኒኮቶ ተጨምቆ ያገኙታል።

የራዲያተሩን ጋን ደግሞ በያጅ ዘንድ ወስደው፣ ከብየዳው በኋላ በአየር አስሞልተው ውሃ ውስጥ ያስፈትሹት፤ በዚያው አጋጣሚ ቱቦዎቹ በዝቃጭ መደፈን አለመደፈናቸውን ያስመርምሩ። ክዳን መፍላትን ያዘገያል እንጂ ሙቀት አያወጣም፤ ስለዚህ በትክክለኛው ክዳን ዳግም ሐረጎ ላይ ከፈላች ምክንያቱን በራዲያተሩ፣ በቬንቲላተሩ (የማራገቢያው) ቺንጋ ወይም በውሃ ፓምፑ ይፈልጉ። ከሞሉ በኋላም እስከ አፉ አያድርሱት፤ መኪናዎ ትርፍ ውሃ መያዣ ዕቃ ከሌላት ውሃው ሲሞቅ የሚሰፋበት ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ቦታ ይተዉለት፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ጉዞ ትርፉን ይተፋውና ያለ ጥፋቱ ክዳኑን ይወቅሱታል።

ጥያቄ፦ አያቴ ያስቀመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ ፊያት አለን። ክዳኑ ሞላም ጎማም የሌለው፣ በጥርስ የሚጠብቅ ተራ ነሐስ ነው። ዘመናዊ ክዳን እንዲይዝ አንገቱን ላስቀይረው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አንገቱን እንዳይነኩት። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ መኪኖች ግፊት እንዲይዙ አልተሠሩም፤ ክዳኑ ውሃው እንዳይረጭና አቧራ እንዳይገባ ብቻ የሚከድን ሲሆን፣ እንፋሎቱ በትርፍ ቱቦው በነፃነት ይወጣል። እዚህ ላይ ባለ 4 ፓውንድ ክዳን እንኳ ከልክ ያለፈ ነው። ክዳኑ ከጠፋ ወይም ጥርሱ ካለቀ ለቶርኖ ቤት ናሙና ሰጥተው በነሐስ ያስቀርጹት፤ የትርፍ ቱቦውንም በቀጭን ሽቦ አስገብተው ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለዓመታት በቆመ መኪና ውስጥ ተርብ ጭቃ ሠርታበት ልትገኝ ትችላለችና።