ጣቴ ታጥፎ ይቆለፋል፤ በመርፌ ቢፈታ ጅማቴን አይጎዳውም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለትኩ የምሸጥ የ54 ዓመት ሴት ነኝ፤ ስኳር አለብኝ። የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ጠዋት ጠዋት ታጥፎ ይቀራል፤ በሌላው እጄ ስጎትተው ቋ ብሎ ይከፈታል። ሁለት ጊዜ የስቴሮይድ መርፌ ተወግቼ ተመለሰብኝ። አሁን ሐኪሙ «ሳይቀደድ በመርፌ ጫፍ ይፈታል» አለኝ። ጅማቴን አይበጥሰውም? አውራ ጣቴም ጀምሮታል፤ አብሮ ይሠራልኝ?

መልስ፦ ለቀለበት ጣትዎ ጥሩ ምርጫ ነው። አውራ ጣትዎን ግን በመርፌ አያስፈቱት።

ጣት የሚያጥፈው ጅማት መዳፍ ላይ፣ ከጣቱ ሥር፣ በጠባብ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ቀለበቱ ሲወፍርና ጅማቱ ሲያብጥ እዚያ ይሰነቀራል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል። የሚቆረጠው ይህ ቀለበት ብቻ ነው። ጅማቱን የሚይዙ ሌሎች ቀለበቶች ስላሉ ጣትዎ አይደክምም።

ቦታው በሊዶኬይን ከደነዘዘ በኋላ ጣቱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ያኔ ጅማቱ ወደ ቆዳው ይቀርባል፣ ነርቮቹ ወደ ጎን ይሸሻሉ። ብዙ ጊዜ 18 ቁጥር መርፌ ይገባል። የጣትዎን ጫፍ አጠፍ ሲያደርጉ መርፌው አብሮ ከተወዛወዘ ጅማቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ሐኪሙ መወዛወዙ እስኪቆም ትንሽ ይስበዋል። ጅማትዎን የሚያድነው ይህ ፍተሻ ነው። ከዚያ የመርፌው ስለት በጅማቱ ርዝመት እየሄደ ቀለበቱን ይሰነጥቃል፤ ሐኪሙ እጅ ላይ የሚሰማው መሻከር ሲጠፋ ቀለበቱ ተከፍቷል። በመጨረሻ ራስዎ ጣቱን ደጋግመው አጥፈው ይዘርጉ። አሁንም የሚይዝዎት ከሆነ ከአልጋው ሳይወርዱ ይናገሩ፤ በዚህ አሠራር የሚያጋጥመው ዋና ጉድለት ቀለበቱ በከፊል ብቻ መከፈቱ ነውና። አልትራሳውንድ እያየ የሚሠራ ሐኪም ካገኙ ደግሞ እሱን ይምረጡ።

በአውራ ጣት አንደኛው የስሜት ነርቭ በዚያው ቀለበት አጠገብ በሰያፍ ያልፋል፤ መርፌው ሊቆርጠው ይችላል። ጫፉ የደነዘዘ አውራ ጣት ይዞ ዓሣ መበለት አይቻልም። እሱን ጣቱን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ድጋፍና በስቴሮይድ መርፌ ይጀምሩ፤ መርፌው ስኳርዎን ለጥቂት ቀናት ከፍ ስለሚያደርገው እየለኩ ይከታተሉ። ካልዳነ ቆዳው ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ፣ ነርቩ እየታየ ይሠራ።

ከቀጠሮዎ በፊት የሦስት ወር አማካይ ስኳርዎን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ያድርጉ። የመጨረሻውን ስቴሮይድ መቼ እንደተወጉም ይንገሩ፤ ጊዜው ቅርብ ከሆነ ቁስል የመመረዝ ዕድሉ ይጨምራልና ሐኪሙ ቀኑን ሊያራዝመው ይችላል።

ጣትዎን ከዚያው ዕለት ጀምሮ ያንቀሳቅሱት፤ ከተቀመጠ ይደርቃል። መዳፍዎ ለጥቂት ሳምንታት ሊያምዎት ይችላል። ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ግን ዓሣ አይንኩ፤ እሾሁና ውኃው ቁስልን ይመርዛሉ። ጣቱ አብጦ፣ ሲዘረጋ ክፉኛ ካመመዎት ወይም መግል ካዩ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።