እንደ ፀሐይ ያለች የካልሲ ቀጭኔ ቤት ውስጥ ስለመሥራት

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ያለችውን ቀጭኔ ለልጄ ልሠራላት እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ በደንብ ይቻላል። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው ፕሮግራም ራሱ በካልሲ አሻንጉሊት ነው የተነሣው።

እስከ ጉልበት የሚደርስ ቢጫ ካልሲ ግዢ። አጭሩ አንገት አይኖረውም፤ ቀጭኔ ልትዪው ብትፈልጊም ዳክዬ ይመስላል። የጣቱን ጫፍ ስፌት ተከትለሽ ቁረጪና መቁረጡን በሁለቱም ጎን 4 ሳ.ሜ. ያህል ቀጥዪ። ለአፏ 8 በ14 ሳ.ሜ. የሆነ ሞላላ ካርቶን መሃል ለመሃል እጠፊ፣ ቀይ ጨርቅ አልብሺው፣ ከዚያ የጨርቁን ጠርዝ ከካልሲው ጋር በመርፌ ስፊው። ማስቲሽ ብቻ ከሆነ ካልሲው በተለጠጠ ቁጥር ይላቀቃል።

ዓይኑን እጅሽን አስገብተሽ ቦታውን ካላየሽ አትስፊ፤ ካልሲው ሲለጠጥ ዓይኖቹ ተራርቀው ጆሮ ጋ ይደርሳሉ። ልጅሽ ከ3 ዓመት በታች ከሆነች የልብስ ቁልፍ ለዓይን መጠቀሙ ይቅር፣ ልትውጠው ትችላለች፤ ጥቁር ጨርቅ ይበቃል። ነጠብጣቡም ቡናማ ጨርቅ ይሁን፣ የእስክሪብቶ ቀለም በእጥበት ይፈሳል። የቀንዶቹን ውስጥ በጥጥ ሙዪ።

ከስፌቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ማናገሩ ነው። አብዛኛው ሰው አራቱን ጣቶች ወደ ላይ ያነሣል፣ አሻንጉሊቷም ጣራ ታያለች። አውራ ጣትሽን ብቻ ወደ ታች አውርጂ፤ «ፀ-ሐይ» ስትዪ ሁለት ጊዜ ትክፈት፣ ቃሉ ሲያልቅ ትዝጋ።