እንኮይ ፖም ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ልጄ መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ላይ «እንኮይ» የሚል ቃል አገኘችና ምንድን ነው አለችኝ። «አፕል ነው» አልኳት። ባለቤቴ ሳቀብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በመጽሐፉ እርስዎ፣ በዛፉ ባለቤትዎ። እኔ የማደላው ግን ለባለቤትዎ ነው።

ቆላ ያደገ ሰው እንኮይን ያውቃታል። ዛፏ እሾሃም ነው። ፍሬዋ ትንሽ ናት፣ ስትበስል ቢጫ ትሆናለች፣ ውስጧ አንድ ትልቅ ዘር አለ። ሲያበዟት ጥርስ ታጠርሳለች። ከአፕል ጋር የሚያዛምዳት ነገር የለም። ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምን አገባት? ዕብራይስጡ «ታፑዋሕ» ይላል፤ የዐረብኛው «ቱፋሕ» ወንድም ነው። ግእዙ «ኮል» አለው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ደግሞ «እንኮይ» አለ። አንባቢው ቀምሶ የሚያውቀውን ፍሬ የፈለጉ ይመስለኛል፤ ደግ አደረጉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ። «ኮል» እና «ኮይ» አይመሳሰሉም? «ገዳሊ» መሆን የነበረበት «ገዳይ» ሆኖ የለም? «እን» የሚለው መነሻም በእንጆሪና በእንጉዳይ ላይ አለ። እርግጥ «ል»ን ወደ «ይ» የሚስባት «ኢ» ናት፤ «ኮል» ላይ ደግሞ «ኢ» የለችም። አውቃለሁ። ጆሮዬ ግን ዘመዳሞች ናቸው ይለኛል፣ እኔም ጆሮዬን አምናለሁ።

የአፕል ሌላ ስም የሆነው «ፖም» ከጣልያን የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ጣልያን እኮ አፕልን «ሜላ» ነው የሚለው! «ፖሞዶሮ» ቢሉ ቲማቲም ነው፤ ፍቺው «የወርቅ ፖም»። ዛሬም አፕልን «ፖም» የሚለው ፈረንሳይ ነው። «ፖሞ» የሚል የድሮ ቃል ጣልያኖችም አላቸው ይሉኛል። ይኑራቸው። የሁሉም አያት የላቲኑ «ፖሙም» ሲሆን ማንኛውንም የዛፍ ፍሬ ይጠራበት ነበር። አፕል ለብቻው «ማሉም» ነው፤ በጽሕፈት «ክፉ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ይሆናል። ፈረንጆች ሔዋንን ሲስሉ አፕል የሚያስጨብጧት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ዕፀ በለስ ብለን ተገላግለናል።

ለልጅዎ «ፖም» ቢሏት ደስ ይለኛል። አፍ ይሞላል፤ «አፕል» ሲሉኝ ስልክ ነው የሚታየኝ። ግን ጨንቻ ላይ የሚያመርተው ሰው ራሱ አፕል ካለው ምን ይደረጋል? ባለፈው ፍራፍሬ ቤት ገብቼ «ፖም ስንት ነው?» አልኩ። ልጁ አፍጥጦ አየኝ። አንድ ኪሎ አፕል ገዝቼ ወጣሁ።